«አይመስልም» ብሎ ለቀደደው ልጅ

ጥያቄ፦ «ልጄ 8 ዓመቱ ነው። ትምህርት ቤት የቫን ጎግን የከዋክብት ሌሊት ሥዕል አሳይተዋቸው በጣም ወደደው። ቤት መጥቶ በስልኬ ቪዲዮ ከፍቶ፣ ደረጃ በደረጃ እየተከተለ ሊሥለው ሞከረ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ከታገለ በኋላ ‹አይመስልም› ብሎ አልቅሶ ቀደደው። የ4 ዓመት እህቱም አብሬው ካልሣልኩ ትላለች። እኔ ሥዕል ፈጽሞ አልችልም። እንዴት ልርዳቸው? ምን ዓይነት ቀለም ልግዛ? ስለ ሠዓሊው ሕይወት ሲጠይቀኝስ ምን ልበለው?»

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ የተቀደደውን ወረቀት አይጣሉት። መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡልኝ፤ መጨረሻ ላይ እንፈልገዋለን።

ልጆችን ሥዕል ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆኖኛል። «አይመስልም» የሚለውን ቃል ስሰማ የልጁን ዕድሜ ለመገመት አልቸገርም። የ4 ዓመት ልጅ እንዲህ አይልም። ክብ ይሠራል፣ ከክቡ ሥር ሁለት መስመር ያወርዳል፣ «አባባ ነው» ይልዎታል። አለቀ። ከ8 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ ግን ዓይን ከእጅ ቀድሞ ይሮጣል። ልጁ ልዩነቱን ያያል፣ እጁ ግን ገና አልደረሰበትም። ብዙ ሰው ሥዕል እርግፍ አድርጎ የሚተወው እዚህ ዕድሜ ላይ ነው። «ፈጽሞ አልችልም» ያሉት እርስዎም ምናልባት ያኔ ነው የተዉት። ስለዚህ ለቅሶው አያስደንግጥዎት። ዓይኑ እየበሰለ ነው።

የሚቀየረው የተሰጠው ሥራ ነው። ቪዲዮው «እዚህ ክብ፣ እዚያ ተራራ፣ አሁን ጥቁር ዛፍ» እያለ ያለቀውን ሥዕል እንዲደግም ነው የጠየቀው። በአዋቂ እጅ የተሠራን ነገር በልጅ እጅ ድገም ሲባል መጨረሻው ይሄው ነው። እኔ ልጆችን በአንድ ሠዓሊ መንገድ ሳሠራ የምሰጣቸው የሠዓሊውን አሠራር ነው። ቀለሙን እንዴት ያስቀምጥ ነበር? እጁ ወዴት ይሄድ ነበር? ያንን ወስደው የሚሥሉት ግን የራሳቸውን ነገር ነው። የራሳቸው ነገር ላይ «አይመስልም» የሚል ፈተና የለም።

እስቲ ሥዕሉን አብረን እንየው። ከፊት ረጅም ጥቁር ዛፍ፣ ከሥር መንደር፣ ከላይ የሚሽከረከር ሰማይ ከከዋክብትና ከጨረቃ ጋር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ቫን ጎግ ይህን የሣለው በጁን 1889 ነው። ደቡብ ፈረንሳይ፣ ሴን ሬሚ በምትባል ከተማ፣ የአእምሮ ሕሙማን መታከሚያ ውስጥ ነበር። መኝታ ክፍሉ ፎቅ ላይ ነው፤ መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ያያል፤ የብረት ፍርግርግ አለው። ሌሊቱን በዚያ መስኮት ያያል። ሲነጋ ምድር ቤት ሥራ እንዲሠራባት በተሰጠችው ክፍል ይሥላል። ሌሊቱን የሣለው በቀን ነው ማለት ነው፣ በልቡ ይዞት ወርዶ። ፍርግርጉን ተወው። ከመስኮቱ የማትታይ መንደር ጨመረበት። ከዛፉ በስተቀኝ ያለችው ትልቅ ነጭ ኮከብ ግን በእርግጥ ያያት የንጋት ኮከብ ናት። ፀሐይ ሳትወጣ በመስኮቱ እንዳያትና በጣም ትልቅ ሆና እንደታየችው ለወንድሙ ለቴዎ ጽፎለታል።

ይህን ለልጅዎ ይንገሩት። ቫን ጎግ ራሱ ያየውን እንዳለ አልገለበጠም፤ ቀነሰ፣ ጨመረ። ሌላም ይንገሩት። ሠዓሊው በዚህ ሥዕል አልረካም። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ለጓደኛው ለኤሚል በርናር በጻፈው ደብዳቤ፣ ከዋክብቱን ከልክ በላይ አተልቆ እንደገና እንዳልተሳካለት ያነሳል። ዛሬ ኒውዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ሰው የሚሰለፍለት ሥዕል ነው ይሄ። የእርስዎ ልጅ ወረቀቱን ሲቀድ የተሰማው ስሜት ለቫን ጎግ እንግዳ አልነበረም። ይህን ለ8 ዓመት ልጅ ስነግር ፊቱ ላይ የሚመጣውን ለውጥ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ትከሻው ወደ ታች ይወርዳል፣ ይተነፍሳል።

ወደ ሥራው እንግባ። የመጀመሪያው ቀን ቀለም የለም።

ስልክዎ ላይ ሥዕሉን ይክፈቱና ጨረቃዋን ብቻ ያጉሉ። ዋናው ሥዕል ቁመቱ 74፣ ወርዱ 92 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስልክ ላይ ሲጠብ የሚጠፋው ዋናው ነገር የብሩሹ ጭረት ነው። አጉልተው ሦስት ደቂቃ ዝም ብላችሁ እዩ። ከዚያ ይጠይቁት፦ «መስመሮቹ ወዴት ነው የሚሄዱት? አጭር ናቸው ረጅም? ይነካካሉ?» ልጁ ራሱ ያገኘዋል። መስመሮቹ አጫጭር ናቸው። አንዱ ሌላውን እየተከተለ ጨረቃዋን ይዞራታል፣ ጅረት ውስጥ ያለን ድንጋይ ውኃ እንደሚዞረው። ዛፉ ላይ ወደ ላይ ይነሳሉ፣ እንደ እሳት ነበልባል። (ዛፉ ከእኛ የፈረንጅ ጽድ ጋር አንድ ወገን ነው። ሰፈራችሁ ካለ ወስደው ያሳዩት።)

ቀጥሎ ሰፋ ያለ ትሪ ላይ ዱቄት በስሱ ይንዙ። መሃሉ ላይ አንድ የቡና ሲኒ ይድፉ። ልጁ በጣቱ አጫጭር መስመር እየጫረ ሲኒውን ይዙር። አንድ ዙር፣ ከዚያ ከውጭ ሌላ ዙር፣ ከዚያ ሌላ። ሲኒውን ሲያነሱት መሃሉ ክብ ሆኖ ይቀራል፣ ዙሪያው ይሽከረከራል። ትሪውን ነቅነቅ፣ እንደገና። ስህተት የሚባል ነገር የለም፤ በነቅነቅ ይጠፋል። ከትሪው በፊት ያለቀሰ ልጅ እዚህ ላይ ሲስቅ ይሰሙታል። ለእህቱም ሌላ ትሪ ይስጧት። የ4 ዓመት ልጅ ለዚህ ሥራ ተፈጥራለች።

አሁን ስለ ቀለም። ትምህርት ቤት የሚገዛው ደረቁ የውኃ ቀለም ለዚህ አይሆንም። ቀጭን ስለሆነ ወረቀቱ ላይ ይፈሳል፣ ጭረቱ አይቀርም። ቫን ጎግ ቀለሙን በጣም ወፍራም አድርጎ ነበር የሚጠቀመው። ሸራው ላይ ጉብታና ሸንተረር ሠርቶ ይደርቃል። እርስዎ ብዙ ወጪ ሳያወጡ ሁለት መንገድ አለዎት። ቀላሉ ኦይል ፓስቴል ነው፤ የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች ይሸጡታል፣ እንደ ክሬዮን ይያዛል፣ ግን ቅባታማና ደማቅ ነው። ሁለተኛው ተራ አክሪሊክ ወይም የፖስተር ቀለም ገዝቶ ማወፈር ነው። ሁለት ማንኪያ ቀለም፣ አንድ ማንኪያ ነጭ ኮላ፣ ትንሽ ትንሽ እያሉ የስንዴ ዱቄት። ከማንኪያው ሲያዘነብሉት ቶሎ የማይወርድ፣ እንደ ወፍራም ገንፎ ሲሆን በቃ። ዱቄት ስላለበት አያድርም፤ ለዕለቱ የሚበቃ ብቻ ይበጥብጡ።

ብሩሽ ለስላሳ አይግዙ። ለስላሳ ብሩሽ ወፍራም ቀለም አይሸከምም። ጠንካራ ጠጉር ያለው ጠፍጣፋ ብሩሽ ይሻላል። ሹካም ይሠራል። እኔ ከሁሉ የምወደው መፋቂያ ነው። ጫፉን አኝከው እንደ ጥርስ መፋቂያ ሲያደርጉት የሚወጣው ጭረት በጣም ያምራል፤ ልጆቹም የራሳቸውን ብሩሽ ሠርተው መጀመራቸው ደስ ይላቸዋል። ቫን ጎግም 1888 አርል ከተማ ሳለ ሸምበቆ ቆርጦ፣ ጫፉን ጠርቦ ብዕር ይሠራና በቀለም ይሥልበት ነበር። የእኛ ብራና ጸሐፊዎች መቃ ጠርበው እንደሚጽፉት ማለት ነው።

ወረቀትም አይግዙ። የጫማ ካርቶን ወይም ሱቅ የሚጣል ካርቶን ቆርጠው አንዱን ፊት ቀድመው ጥቁር ሰማያዊ ይቀቡት። አድሮ ይድረቅ። ይሄ ትልቅ ምሥጢር ነው። ነጭ ወረቀት ልጅን ያስፈራዋል፤ ሁሉንም ሙላኝ ይለዋል። ካርቶኑ አስቀድሞ ከመሸ ግን ልጁ የሚጨምረው ብርሃን ብቻ ነው። የመጀመሪያዋ ቢጫ ጭረት ስታርፍ ወዲያው ትበራለች።

እና ምን ይሣል? የእናንተን ሌሊት። ማታ መብራት አጥፍታችሁ መስኮቱ ጋ ቁሙ። (መብራት የሄደ ቀን ከሆነማ ተመስገን በሉ፤ ከዋክብቱ ያን ቀን ነው የሚወጡት።) ምን ይታያል? የጎረቤት ቆርቆሮ፣ ፎቅ ላይ ያለ ሮቶ፣ ዲሽ፣ የኮንዶሚኒየም መስኮቶች፣ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ወይም ሚናራ፣ የታክሲ መብራት። ልጁ ሦስት ነገር ይምረጥ፤ ከሦስት አይብለጥ። ወረቀት ላይ አይንደፈው። ልክ እንደ ቫን ጎግ በልቡ ይዞት ይደር፣ በማግስቱ በቀን ይሣለው።

የማግስቱ ሥራ አርባ ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። መጀመሪያ የብርሃኑን ቦታ ያስቀምጥ፤ ጨረቃ ትሁን፣ የመንገድ መብራት ትሁን። ከዚያ በዱቄቱ ላይ እንዳደረገው እየዞረ ይጭረው። የቆርቆሮው ጣሪያ መስመር ወደ ታች ይውረድ፣ ዛፉ ወደ ላይ ይነሳ፣ ሰማዩ ይሽከርከር። ደንቡ አንድ ብቻ ነው፦ ቀለሙን አስቀምጥ፣ እጅህን አንሳ። ማሸት የለም። ልጆች ቀለም ሲይዙ ወዲያ ወዲህ ማሸት ይወዳሉ፤ ሁሉ ነገር ጭቃ የሚሆነውም በዚህ ነው። አንድ ተማሪ ነበረኝ፣ እጁን ማንሳት አቅቶት ሲቸገር «ዶሮ ጥሬ ስትለቅም እንዴት ነው?» አልኩት። ጭንቅላቱን ሁለት ጊዜ ነቀነቀ። ከዚያ ብሩሹ እየለቀመ ሄደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ክፍላችን ውስጥ ይህን አጫጫር «የዶሮ» ነው የምንለው።

ስለ ቀለም ምርጫ ደግሞ በጣም የምወደው ነገር አለ። አምስተርዳም ያለው የቫን ጎግ ሙዚየም ውስጥ አንዲት ቀይ ሳጥን ተቀምጣለች። ውስጧ የሹራብ ክር ነው፣ በትናንሹ የተጠቀለለ። ቫን ጎግ ሁለትና ሦስት ቀለም ያለው ክር አንድ ላይ እየጠቀለለ የትኛው ቀለም ከየትኛው ጋር ሲቀመጥ እንደሚደምቅ ይሞክርበት ነበር። ቀለም ውድ ነው፤ ገንዘቡም የወንድሙ ነው፤ ክር ግን ይፈታል፣ እንደገና ይጠቀለላል። ይህን ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል። የተረፈ የሹራብ ወይም የጥልፍ ክር ይስጧቸው። ሰማያዊና ብርቱካናማ አንድ ላይ ይጠቅልሉ። ሰማያዊና ሐምራዊም ይጠቅልሉ። ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ራቅ ብላችሁ እዩ። የመጀመሪያው ይንቀጠቀጣል፣ ዓይን አያርፍበትም። ሁለተኛው ይተኛል። የከዋክብቱ ሌሊት ለምን እንደሚያበራ ልጁ ያለ አንድ ቃል ማብራሪያ በእጁ ላይ ይዞት ያየዋል። ከዚያ ሁለት የሚወደውን ጥቅል ይምረጥና በእነዚያ ቀለሞች ይሣል።

ለትንሿ እህቱ ብሩሽም አያስፈልጋት። ሦስት ቀለም በክዳን ላይ ያድርጉላትና በጣቷ ትንካ። ነካ፣ ነካ፣ ነካ። የሚያስፈልጋት የራሷ ካርቶን ነው፣ ከወንድሟ ራቅ ብሎ። በእሱ ላይ ከጨመረች ጦርነት ነው።

እርስዎስ? አብረው ይቀመጡ፣ የራስዎን ካርቶን ይያዙ። የልጁን ግን በፍጹም አይንኩበት። «ቆይ ላስተካክልልህ» የሚለው ቃል ልጅን ከሥዕል ለማባረር ከማውቃቸው ሁሉ ፈጣኑ ነው። እባክዎ «እኔ አልችልም»ን እሱ ፊት አይበሉት። እየሠሩ ይጥፋብዎት፣ እንደገና ይጀምሩ፣ ይየው። ሲጨርስ ደግሞ «ጎበዝ» ብቻ ብለው አይለፉት። ያዩትን ይንገሩት፦ «ይሄ መስመር ወደ ሮቶው ሲደርስ ዞረ፣ ለምን?» ይበሉት። ያን ጊዜ ማውራት ይጀምራል፣ አያቆምም።

ብዙ ወላጆች «ታዲያ መገልበጥ ክፉ ነው?» ይሉኛል። አይደለም። ቫን ጎግ ራሱ ብዙ ገልብጧል። ፓሪስ ሳለ 1887 የጃፓናዊውን የሂሮሺጌን ሥዕሎች በዘይት ቀለም ሠርቷል። ሴን ሬሚ ደግሞ የፈረንሳዊውን ሠዓሊ የሚሌን ሥራዎች፣ ወደ 20 የሚሆኑ፣ ወንድሙ ከላከለት ጥቁርና ነጭ ሕትመት እያየ ሥሏል። ቀለሙን ከራሱ ነበር የሚያመጣው፤ ሙዚቀኛ የሌላውን ዜማ እንደሚጫወት ነው የቆጠረው። ከእነዚህ አንዱን ለእርስዎ ልጠቁም። «የመጀመሪያ እርምጃ» ይባላል፣ ጃንዋሪ 1890 የተሠራ። አባት አካፋውን ጥሎ በርከክ ብሎ ሁለት እጁን ዘርግቷል፤ እናት ልጇን ከኋላ ደግፋ ልትለቅ ነው። ያኔ የቴዎ ሚስት ነፍሰ ጡር ነበረች። በወሩ መጨረሻ ወንድ ልጅ ተወለደና በአጎቱ በቫን ጎግ ስም ቪንሰንት ብለው ጠሩት። ሠዓሊውም ለሕፃኑ በሰማያዊ ሰማይ ላይ የለውዝ አበባ ሣለለት።

የእኛስ የእንቁጣጣሽ ሥዕል እንዲሁ አይደል? ልጅ ሳለሁ መልአኩን ከታላቅ ወንድሜ ገልብጬ ነበር የምሠራው። እሱም ከሰፈር ልጅ ነው የገለበጠው። ግን የእኔ መልአክ አደይ አበባ ይዞ ነበር፣ ያን የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ እስካሁን ትዝ ይለኛል። ልጅዎ መገልበጥ ከፈለገ ይገልብጥ፤ ጨረቃዋን ብቻ፣ ወይም ዛፉን ብቻ። አንድ ነገር ደግሞ ይለውጥ።

ልጁ አሁንም በጣም እንዲመስልለት ከፈለገ ፍላጎቱን አይናቁበት። ቫን ጎግም ሥዕል በጀመረባቸው ዓመታት ይቸገርበት ነበር። ሠዓሊ ለመሆን የቆረጠው 27 ዓመት ሞልቶት ነው፤ የሞተው በ37። በሥራው መጀመሪያ፣ ሄግ ከተማ ሳለ፣ የእንጨት ፍሬም አሠርቶ ክር ወጠረበት፤ ቁልቁል፣ አግድም፣ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን። በዚያ አሻግሮ እያየ ነገሮቹ የት እንደሚያርፉ ይለካ ነበር። ከካርቶን መሃሉን ቆርጠው፣ ክር ወጥረው በፕላስተር ቢለጥፉ ያው ነው። መስኮቱ ጋ አቁሞ «ጉልላቱ በየትኛው ክር ላይ ነው?» እያለ ወረቀቱ ላይ በተሠመሩ ተመሳሳይ መስመሮች ያስቀምጠው። ለ8 ዓመት ልጅ ይሄ እንደ አስማት ነው።

ስለ ሕይወቱ ሲጠይቅዎት አይዋሹት፣ አይዘርዝሩትም። «ታሞ ነበር። አእምሮው ይታመም ነበር። ሆስፒታል ሆኖ ሲሻለው ይሥል ነበር» ይበቃል። ስለ ጆሮው (ታሞ ሳለ የገዛ ጆሮውን ቆርጦ ነበር) ከጓደኛ ሰምቶ ከመጣ «አዎ፣ በጣም በታመመ ቀን ራሱን ጎዳ፣ ከዚያ ሐኪም አየው» ይበሉት። አሟሟቱ ለዚህ ዕድሜ ገና ነው። አንድ ነገር ግን እለምንዎታለሁ፦ «እብድ ስለነበር ነው እንዲህ የሣለው» እንዳይሉት። ሕመሙ ሲነሳበት አብዛኛውን ጊዜ መሥራት አይችልም ነበር። ደብዳቤዎቹን ያነበበ ሰው ምን ያህል አስቦ፣ ቀለም መርጦ፣ አቅዶ ይሠራ እንደነበር ያያል። ቤታችን፣ ጎረቤታችን የአእምሮ ሕመምተኛ ያለበት ልጅ ብዙ ነው፤ ይህን በትክክል መስማት አለበት።

ቫን ጎግ ከሰለቻቸው ሌላ ሠዓሊ አለ። ማቲስ 1941 ከባድ ቀዶ ሕክምና ካደረገ በኋላ ቆሞ መሣል ሲከብደው ቀለም የተቀባ ወረቀት በመቀስ እየቆረጠ ነው ሥራውን የቀጠለው፤ ለትንሿ ልጅዎ ይስማማል። ከእኛ ደግሞ አዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ ያለውን የአፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል ፎቶ ያሳዩአቸው። ጥቁሩን መስመር ቀድመው ይሥሩ፣ በየክፍሉ ደማቅ ቀለም ይሙሉ።

አሁን ያቺን መሳቢያ ይክፈቱ። የተቀደደውን ሥዕል አውጡና ከልጅዎ ጋር የበለጠ ቅደዱት፤ ጣት የሚያህል አጫጭር ቁራጭ እስኪሆን። የቀባው ሰማያዊና ቢጫ አሁንም ላዩ ላይ አለ። አንድ የመሸ ካርቶን ያስቀምጡለት፣ ኮላ ይስጡት። ቁራጮቹን እንደ ጭረት እያደረገ፣ አንዱን ከአንዱ ጀርባ፣ በጨረቃዋ ዙሪያ ይለጥፋቸው። ሲጨርስ መጽሐፍ ጫን አድርገውበት ይደር፣ አለበለዚያ ሲደርቅ ጫፍ ጫፉ ይነሳል።